የማገዶ እርጥበት መለኪያ ግራ አጋባኝ፣ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ሚኒሶታ ነው የምኖረው፣ ቤታችን የእንጨት ምድጃ አለው፣ ዘንድሮ የኦክ ፍልጥ ገዝተን ሻጩ አመት ሙሉ የደረቀ ነው ብሎ ማለልን ግን ስናነደው ይጨሳል፣ ጫፉ ላይ አረፋ ያወጣል፣ የምድጃው መስታወት በአንድ ማታ ጥቁር ይላል። ጭስ ማውጫው ውስጥ ጥቀርሻ ተጋግሮ እሳት እንዳይነሳ ፈራሁ። እና ያቺን እንጨቱ ላይ የምትወጋ ባለሁለት መርፌ ሞይስቸር ሜትር (የእርጥበት መለኪያ) ገዛሁ፣ ርካሿን።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። የፍልጡን ጫፍ ስወጋው 16 ፐርሰንት ይላል፣ ያንኑ እንጨት እንደገና ፈልጬ መሃሉን ስለካው 29፣ መርፌውን በእንጨቱ ክር አቅጣጫና አግድም ሳደርገው ደሞ ቁጥሩ ይለያያል። የማገዶ እርጥበት ከ20 ፐርሰንት በታች ይሁን የሚባለው የቱ ቦታ ሲለካ ነው? እኔ የመሃሉን ነው የማምነው፣ ጫፉ ቶሎ ይደርቃላ። ባለቤቴ ግን ሻጩን ታምናለች (ሰውዬው ሳቂታ ነው መቼስ)።

ደሞ ውጪ በረዶ የሆነውን ስለካ ቁጥሩ በጣም ዝቅ ይላል። ቤት አስገብቼ ባሳድረው ይበቃል? መለኪያዋ የእንጨት አይነት መምረጫም የላትም፣ ለኦክ ከምታሳየው ቁጥር ላይ ልጨምር ልቀንስ? መርፌ የሌለው፣ ላዩ ላይ የሚለጠፈው ይሻላል የሚሉም አሉ፣ ግን ፍልጥ እኮ ወጣ ገባ ነው፣ ጠፍጣፋ ቦታ ከየት ይመጣል። የተጠቀማችሁበት ካላችሁ የትኛውን ልግዛ? ወይስ ለዘንድሮ ሌላ ደረቅ እንጨት ፈልጌ ይሄንን ላዩን ብቻ ከድኜ፣ ጎኑን ንፋስ እያገኘው ለከርሞ ላቆየው?