ከአሮጌ ሰዓት የወጣው ሩቢ አስቸገረኝ፤ ራማን ነው ፍሎረሰንስ?

ከደሴ ነው የምጽፈው። ራማን ስፔክትሮስኮፒ (ናሙና ላይ ያረፈ የሌዘር ብርሃን ሲበተን ጉልበቱ ምን ያህል እንደተለወጠ የሚለካበት ዘዴ) የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ አንድ ነገር አስረዱኝ።

የማስተርስ ጥናቴ በክሪስታል ውስጥ የሚካሄደውን የኤሌክትሮን ሽግግር በራማን ማየት ነው። ናሙና የምገዛበት ገንዘብ ስላልነበረኝ ፒያሳ ያሉ አንድ ሰዓት ጠጋኝ፣ አባባ እያልኩ የምጠራቸው፣ ከአሮጌ ሰዓት ሆድ ውስጥ ሩቢ ፈልቅቀው በሲጋራ ወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም፤ ቅላቱ ግን ያስደንቃል።

ልኬቱ በ632.8 ናኖሜትር ሌዘር ተሠራልኝ። ከሌዘሩ 418 ሞገድ በሴንቲሜትር (የራማን የርቀት መለኪያ) ዝቅ ብሎ የሚጠበቀው ንዝረት በቦታው አለ። እንቅልፍ የነሱኝ 1,371 እና 1,400 ላይ የተገተሩት ሁለት ጫፎች ናቸው። የዚህ ክሪስታል የመጀመሪያ ደረጃ የራማን ንዝረቶች 750 አካባቢ ያበቃሉ፤ ስለዚህ የአተሞች ንዝረት ሊሆኑ አይችሉም። አማካሪዬ «የመሣሪያ ጩኸት ነው፣ ቁረጠው» አሉኝ። እኔ አላመንኩም።

መብራት እስኪመጣ በሻማ አሰላሁት። ሌዘሩ 15,803 ሞገድ በሴንቲሜትር ነው፤ 1,400 ሲቀነስ 14,403፣ ማለትም 694.3 ናኖሜትር ይሆናል። ማይማን በ1960 ያበራው የሩቢ ሌዘር ቀለም! ደስታዬ ግን ወዲያው ወደ ፍርሃት ተለወጠ፤ ሩቢን የሚያቀላው ክሮሚየም ብርሃን ውጦ በራሱ ቀለም እየፈካ (ፍሎረሰንስ) ከሆነ ይህ ራማን አይደለም።

የፍሎረሰንስ ቀለም ከሌዘሩ ጋር ስለማይቀየር፣ በ532 ናኖሜትር ሌዘር ሲለካ ጫፎቹ ወደ 4,365 እና 4,394 ከሸሹ ፍሎረሰንስ፣ ካልተነቃነቁ ራማን እንደሆኑ ይገባኛል። ሁለተኛ ሌዘር ግን የለኝም። በዚሁ በአንዱ የፀረ-ስቶክስን ጎን (ጉልበቱ ከሌዘሩ የጨመረውን ብርሃን) ብፈትሽስ? በክፍል ሙቀት የ1,400 ምልክት በዚያ ጎን ከስቶክሱ (ጉልበቱ ከቀነሰው ጎን) ወደ አንድ ሺህኛ ይወርዳል፤ የሞከረው ሰው ይታያል ይላል?