ባክአፕ ስመልስ አንዱ ፎልደር ለሁሉም ተከፈተ፣ ሌላው ለባለቤቱም እምቢ አለ

የሒሳቧ ልጅ (ደብረ ብርሃን)፦ ሰላም ለቤቱ። የቢሮው ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ሞተ። አዲስ ገዝተን ዊንዶውስ ጫንን፣ ዩዘሮቹንም በድሮ ስማቸው ፈጠርኩ። ዶሜይን (ዩዘሮችን ከአንድ ማእከል የሚያስተዳድር ኔትወርክ) የለንም። ከፍላሽ ኮፒ ያደረግኩትን የደመወዝ ፎልደር አሁን ማንም ገብቶ ያየዋል፤ ጥበቃው ሳይቀር የኃላፊውን ደመወዝ ያወራል! ከነፈቃዱ (ማን ይግባ ከሚለው ቅንብር ጋር) በሮቦኮፒ፣ በዊንዶውስ የኮፒ ትእዛዝ፣ የመለስኩት የግዢ ፎልደር ደግሞ ለግዢ ሠራተኞቹ ራሱ «አክሰስ ዲናይድ» ይላል። ምን ነክቶት ነው?

የይፋት ልጅ፦ ለ«ኤቭሪዋን» ፉል ኮንትሮል ስጪና ተገላገይ።

መንዜው፦ ኧረ በስመ አብ! ያኔማ ግዢውም ለጥበቃው ሊደርሰው ነው። እህቴ፣ ዊንዶውስ ሰው የሚለየው በስም ሳይሆን ኤስአይዲ በሚባል ቁጥር ነው። ስሙ ያው ቢሆንም አዲሱ ዩዘር ቁጥሩ ሌላ ነው። ፎልደሩን ራይት ክሊክ አድርገሽ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ሴኪዩሪቲ በዪ። በስም ቦታ በ«ኤስ-1-5-21» የሚጀምር ረጅም ቁጥር ካየሽ፣ እሱ ከአሮጌው ዊንዶውስ ጋር የሞተው ዩዘር ነው። በአድሚን ገብተሽ አድቫንስድ ውስጥ ኦውነሩን (ባለቤቱን) ቀይሪ፣ ቁጥሮቹን አጥፊ። ከዚያ «ግዢ» የሚል ግሩፕ ፍጠሪና ሞዲፋይ (ማንበብ፣ መቀየርና ማጥፋት የሚያስችለውን ፈቃድ) ስጪው። ለየሰዉ አትስጪ፤ ሌላ ጊዜ የምታስተካክዪው አንድ መስመር ብቻ ይሆናል።

ቴክኒሻን (ሸዋ ሮቢት)፦ ደመወዙ ሌላ ጉዳይ ነው። ፍላሽ አብዛኛውን ጊዜ ፎርማቱ ፋት32 ወይም ኤክስፋት ስለሆነ ፈቃድ የሚባል ነገር አይዝም። ፈቃድ የሚይዘው ፎርማት፣ ኤንቲኤፍኤስ፣ ቢሆንም እንኳ ተራ ኮፒ የሚወርሰው ያረፈበትን ፎልደር ፈቃድ ነው። አድቫንስድ ውስጥ ኢንሄሪታንሱን (ከላይኛው ፎልደር ፈቃድ መውረሱን) ዝጊው፤ ሲጠይቅሽ «ኮንቨርት» በዪ። ከዚያ ዩዘርስንና ኦተንቲኬትድ ዩዘርስን (ሁሉንም ዩዘር የሚያስገቡትን ግሩፖች) አውጪ። አድሚኒስትሬተርስንና ሲስተምን እንዳትነኪ፣ ራስሽን ውጭ ትቆልፊያለሽ።

የሒሳቧ ልጅ፦ ግዢው ተከፈተ፣ ተባረኩ! ደመወዙም ተዘጋ። ሌላ ጊዜ ሁሉንም ከነፈቃዱ ባክአፕ ለማድረግስ?

መንዜው፦ ኤክስተርናሉ ሃርድ ዲስክ ኤንቲኤፍኤስ ይሁን፤ በሮቦኮፒ «ኮፒኦል»ን ጨምሪ። ፈቃዱን ብቻ በ«አይካክልስ» (ፈቃድ በሚያስተካክለው የዊንዶውስ ትእዛዝ) ሴቭ ማድረግም ይቻላል፤ ሪስቶር ስታደርጊ «ሰብስቲቲዩት» የሚለው ትእዛዝ አሮጌውን ቁጥር በአዲሱ ይተካልሻል።

ቴክኒሻን (ሸዋ ሮቢት)፦ ባክአፑ የተሠራው ዊንዶውስ ሰርቨር ባክአፕ በሚባለው ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ ስትመልሺ የኤሲኤል (የፈቃድ ዝርዝር) ሳጥኗን እያት። ዩዘሮቹ ያው ከሆኑ ምልክቱን ተዪው፤ ዊንዶውሱ አዲስ ከሆነ ግን አንሺውና ፈቃዱን በእጅሽ ስጪ። መጀመሪያ በባዶ ፎልደር ላይ ሞክሪው።