እናቴን ሰፎክ ልወስዳት ነው፤ በአንድ ቀን ምን ምን ይደረሳል?

የልደታዋ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ። እማዬ በነሐሴ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ለንደን ትመጣለች። ቤታችን ክርና ቁልፍ የምታስቀምጥበት አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። ክዳኑ ላይ ውሃ መሃል የገባ የፈረስ ጋሪ፣ በግራ በኩል ቤት፣ ከፊት ውሻ አለ። "እዚያ ውሰጂኝ" ብላ ሙጭጭ ብላለች። ሰው ስጠይቅ ቦታው ሰፎክ የሚባል የገጠር አውራጃ ነው አሉኝ። መኪና አልነዳም። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ ፍልሰታንም ትጾማለች። ያለኝ አንድ ቀን ነው። ላቨናም የሚባለውን የድሮ ከተማም ባሳያት ደስ ይለኛል። ይቻላል?

ብሩሽ
ከገለጽሽው "ዘ ሄይ ዌይን" ነው፤ የድርቆሽ ጋሪው ሥዕል። ጆን ኮንስታብል በ1821 የሠራው ነው። ቦታው ፍላትፎርድ ይባላል፤ አባቱ ወፍጮ ቤት የነበራቸው እዚያ ነው። በግራ ያለው የገበሬው የዊሊ ሎት ቤት ዛሬም ቆሟል። ከኩሬው ዳር ሆናችሁ ስታዩት ወዲያው ትለዪዋለሽ።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ሥዕሉ ሰፎክ የለም! ለንደን ትራፋልጋር አደባባይ፣ ናሽናል ጋለሪ ነው ያለው፤ መግቢያውም ነፃ ነው። ብዙ ሰው ፍላትፎርድ ድረስ ሄዶ "ሥዕሉስ?" ይላል። አስቀድመሽ ጋለሪ ውሰጃቸው። ሥዕሉ ቁመቱ 1.3 ሜትር፣ ወርዱ 1.85 ሜትር ገደማ ነው። የፈረሶቹን ቀይ ጌጥ ከቅርብ ይዩት፤ አረንጓዴው ሁሉ ነፍስ የሚዘራው በዚያች ቀይ ነው። ያንን አይተው ቦታው ላይ ሲቆሙ ሌላ ነው።

የኮልቸስተሯ
እህቴ፣ እኔ ለቦታው ቅርብ ነኝ። ለንደን ካለው የሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ ማኒንግትሪ ድረስ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከዚያ ፍላትፎርድ በእግር 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። መንገዱ ሜዳና ወንዝ ዳር ነው፤ ያምራል። ግን ዝናብ ከጣለ ጭቃ ነው፣ ላሞችም አሉ። ለታመመ ጉልበት አይሆንም። ታክሲ ከቤትሽ ሳትወጪ ያዢ፤ ጣቢያው ላይ አገኛለሁ ብለሽ አትተማመኚ።

ላቨናምን ለሌላ ጊዜ ተይው። ባቡር አይደርሰውም። በአውቶብስ እየቀያየርሽ ፍላትፎርድንም ላቨናምንም በአንድ ቀን ካልሽ ማዘርን መንገድ ላይ ነው የምታውያቸው።

በእሱ ፈንታ ኢስት በርግሆልት ውሰጃቸው። ኮንስታብል በ1776 የተወለደበት መንደር ነው፤ ከፍላትፎርድ በታክሲ ደቂቃዎች ነው። የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለ። የደወል ግንቡ በ1525 ተጀምሮ ሳያልቅ ቀረ። ደወሎቹ በአጸዱ ውስጥ፣ መሬት ላይ፣ የእንጨት ቤት ተሠርቶላቸው እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው። በገመድ አይሳቡም፤ ደዋዮቹ አጠገባቸው ቆመው በእጃቸው ያወዛውዟቸዋል። የሠዓሊው አባትና እናት መቃብርም እዚያው ነው። እናቶች ይህን ከወፍጮው በላይ ይወዱታል፤ እኔ የወሰድኳቸው ሁሉ እንደዚያ ናቸው።

ጋሽ መንገዱ
አይ፣ ላቨናምን እንዲህ በቀላሉ አታስጥሏት። መኪና ያለው ዘመድ ካለሽ ለምኚው። ጠዋት ፍላትፎርድ፣ ከሰዓት ላቨናም በደንብ ይደረሳል። ከኢስት በርግሆልት ወደ ወፍጮው የሚወስደው ጠባብ መንገድ ባለ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ ጂፒኤሱ ግራ ቢያጋባው ምልክቱን ይከተል።

ላቨናም በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን በሱፍ ጨርቅ ንግድ የከበረ ከተማ ነው። በኋላ ንግዱ ሲሞት አፍርሶ የሚሠራ ገንዘብ ጠፋ። የድሮዎቹ የእንጨት ቤቶች ተጣመው፣ ተንጋደው የቀሩት በዚህ ነው። ድህነት ያተረፈው ቅርስ ልትዪው ትችያለሽ። መንገድ ላይ ኔይላንድም ቁሙ። እዚያ ባለው የቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ኮንስታብል የሣለው፣ ክርስቶስ ኅብስቱንና ወይኑን ሲባርክ የሚያሳይ ሥዕል አለ። የመልክዓ ምድር ሰው ስለሆነ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቹ ጥቂት ናቸው።

የኮልቸስተሯ
ጋሼ፣ መኪና የለኝም ብላለች እኮ!

ማርታ ዘ ስትራትፎርድ
ስለ ጾሙ ልበል። የገጠር መጠጥ ቤት ምግብ ላይ "ቪጋን" የሚል ካለ ይበላል፤ ግን ምርጫው ጠባብ ነው። ፍልሰታ ላይ እኔ በያይነቱ በዕቃ ቋጥሬ ነው የምሄደው። ፍላትፎርድ የናሽናል ትረስት (የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ነው) ሻይ ቤት ስላለ ሻዩን እዚያ ትጠጣላችሁ። ሽሮውን ግን ውጭ ወንዝ ዳር ክፈቱት፤ ሽታው ሻይ ቤቱን እንዳይሞላ፣ ሃሃ።

ትኬት ላይ፦ ሁለት ሆናችሁ ስለምትሄዱ "ቱ ቱጌዘር" የሚባለውን ሬይልካርድ፣ ማለትም የባቡር ቅናሽ ካርድ፣ አውጪ። የሁለታችሁም ፎቶ ይገባበታል፤ ከዋጋው አንድ ሦስተኛ ይቀንሳል። በሥራ ቀን በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል በፊት አይሠራም።

የልደታዋ (ጠያቂ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ላቨናም ቀረ፤ ደወሎቹን መርጫለሁ። ጋሼ፣ አይቀየሙኝ። ወፍጮው ውስጥ መግባት ይቻላል? ቅዳሜስ ወይስ እሑድ ይሻላል?

የኮልቸስተሯ
ወፍጮውም የዊሊ ሎት ቤትም የትምህርት ማዕከል ስለሚጠቀምባቸው ለጎብኚ ክፍት አይደሉም፤ ከውጭ ነው የሚታዩት። ማዘር እንዳይከፋቸው ቀድመሽ ንገሪያቸው። ከቻልሽ ከቅዳሜም ከእሑድም የሥራ ቀን ይሻላል። ቅዳሜና እሑድ ሐዲድ ሲጠገን ባቡሩን በአውቶብስ ይተኩታል፤ ያኔ አንዱ ሰዓት ይራዘማል። ታክሲውን ስታዢ የመመለሻውንም ሰዓት ቁረጪ። ፍላትፎርድ ታክሲ ቆሞ የሚጠብቅበት ቦታ አይደለም።