ለአጎቴ «የስኳር ካልሲ» መላክ ይጠቅም ይሆን?

ጠያቂዋ፣ ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ

የተከበራችሁ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ። ደሴ የሚኖሩት አጎቴ ስኳር ከጀመራቸው ብዙ ዓመታቸው ነው። ባለፈው ክረምት እግራቸውን በሙቅ ውሃ ሲዘፈዝፉ መቃጠሉ ስላልተሰማቸው አውራ ጣታቸው ቆስሎ ለመዳን ሁለት ወር ፈጅቷል። አሁን ደግሞ አንድ ጎረቤታቸው «አሜሪካ ቁስል የሚከላከል የስኳር ካልሲ አለ» ስላላቸው አሥራ ሁለት ጥንድ እንድልክላቸው ጠይቀውኛል፤ መንገደኛውም እሑድ ይነሣል። እኔ ባየሁበት መደብር ሦስቱ ጥንድ 24 ዶላር ሲሆን በዚሁ ገንዘብ ተራ የጥጥ ካልሲ ደርዘን ይገዛል። ልዩነቱ ይህን ያህል የሚያስከፍል ነው ወይስ የሚሸጠው ስሙ ብቻ ነው?

ነርስ፣ ከሲያትል

እህቴ፣ አጎትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ካልሲው መድኃኒት የለበትም። ስኳር ነርቭን ሲጎዳ እግር ስለሚደነዝዝ፣ ጫማ ውስጥ የገባ ጠጠርም ሆነ የካልሲ ስፌት ቆዳውን ሲፍቀው ባለቤቱ አያውቀውም፤ ደም ሥሩም ከጠበበ ትንሿ ቁስል ሳትድን ትከርማለች። እነዚህ ካልሲዎች ጣት ላይ የሚጎረብጥ ስፌት የላቸውም፣ ላስቲካቸው ባት አያንቅም፣ ላብ ይመጥጣሉ፤ ብዙዎቹም ነጭ ስለሆኑ ደም ወይም መግል ቢኖር ወዲያው ይታያል። ጥቅማቸው ይኸው ነው እንጂ ቁስልን መከላከላቸው በጠንካራ ጥናት ተረጋግጧል ለማለት አልደፍርም። ስፌቱ ስስ የሆነ፣ የማያጠብቅ ነጭ ካልሲ እዚያው ደሴ ከተገኘ አብዛኛውን ሥራ ይሠራል፤ ስፌቱ ካስቸገረም ገልብጦ መልበስ ይቻላል። ይልቅስ ማታ ማታ ውስጥ እግራቸውን በመስተዋት ወይም በልጅ ዓይን ያሳዩ፣ የውሃውን ሙቀት በእግራቸው ሳይሆን በክርናቸው ይለኩ፣ ቤት ውስጥም ቢሆን በባዶ እግር ወይም በካልሲ ብቻ አይሂዱ።

አንድ አባት፣ ከዴንቨር

ነገሩን በራሴ ስላየሁት ላብራራው። ሜዲኬር፣ ማለት የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን፣ ለካልሲ አይከፍልም፤ ለጫማ ግን ይከፍላል። ስኳር ኖሮበት እግሩ ቀድሞ የቆሰለ፣ ቅርጹ የተበላሸ ወይም የደም ዝውውሩ የደከመ ሰው፣ ስኳሩን የሚከታተለው ሐኪም ይህንኑ በጽሑፍ ሲያረጋግጥለት፣ በየዓመቱ አንድ ጥንድ ውስጡ ጠለቅና ሰፋ ያለ ጫማና ሦስት ጥንድ የውስጥ ንጣፍ ይፈቀድለታል። ታካሚው በየዓመቱ አስቀድሞ ከኪሱ የሚከፍለው ድርሻ ከተሟላ በኋላ 80 በመቶውን የሜዲኬር «ክፍል ቢ»፣ ማለት የተመላላሽ ሕክምና መድኑ፣ ይሸፍናል፤ ሻጩም በሜዲኬር የተመዘገበ መሆን አለበት።

ጠያቂዋ

አባቴ፣ ስለ ማብራሪያዎ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን አጎቴ ያሉት ደሴ ነው።

አንድ አባት፣ ከዴንቨር

አውቃለሁ ልጄ። እዚህ እናት አባት ያላቸው እንዲያነቡት ብዬ ነው።

አንዲት እናት፣ ከለንደን

ካልሲ ሲባል ሟቹ አባቴ ትዝ አሉኝ። ዕድሜያቸውን በሙሉ በበረባሶ የሄዱ ሰው ስለነበሩ፣ ከዚህ የላክሁላቸውን ካልሲ ሁሉ ለዓመት በዓል ብለው ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበት፣ ካረፉ በኋላ ከነማሸጊያው አገኘነው። ሽታው አሁንም የለንደን ሱቅ ይሸት ነበር። ስለዚህ ልጄ፣ ገንዘቡን ላኪላቸውና እዚያው ለክተው ጣት የማይጨምቅ ሽፍን ጫማ ይግዙበት፤ እግር ሲውል ስለሚያብጥ ከሰዓት በኋላ ቢለኩ ይሻላል።

አንድ አባል፣ ከዳላስ

በገንዘቡ አልስማማም። ለእናቴ መድኃኒት ይሁን ብዬ የላክሁት ሐዋላ ለዘመድ ሠርግ ነው የዋለው። ዕቃ ከሆነ ግን ሌላ ነገር አይሆንም።

አንዲት እናት፣ ከለንደን

ዕቃውም ይባክናል ወንድሜ። ለእህቴ የላክሁት የስኳር መለኪያ ወረቀት ከማሽኗ ጋር ስላልገጠመ ጊዜው አልፎበት ተጥሏል። እናትዎም በሠርጉ ቤት ባዶ እጃቸውን መቆም ስላልፈለጉ ነው፤ መታመማቸው በገንዘባቸው የማዘዝ መብታቸውን አይነጥቃቸውም።

አንድ አባል፣ ከዳላስ

ይህን የሚሉት የማስታመሙ ወጪ የሚመጣው ወደ እኔ ስለሆነ ነው። ሲታመሙ የሚደወለው ለሠርገኞቹ አይደለም።

ነርስ፣ ከሲያትል

እባካችሁ፣ ከዚህ በፊት አንድ ነገር ይጣራ። እህቴ፣ ካልሲውን ገዝተሽው ከሆነ በማሸጊያው ላይ የግፊት ቁጥር አለው?

ጠያቂዋ

ሁለት እሽግ ትናንት ገዝቻለሁ። «20–30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ» ይላል። እኔ መጠኑ መስሎኝ ነበር።

ነርስ፣ ከሲያትል

እንግዲያው ይህ የስኳር ካልሲ ሳይሆን ለእብጠት የሚታዘዘው አጥባቂው ካልሲ ነው፤ በመደብር አንድ መደርደሪያ ላይ ስለሚቀመጡ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የእግር ደም ሥሩ የጠበበ ሰው ይህን ቢለብስ የቀረውንም ደም ያግድበታል፤ እግሩ የደነዘዘ ደግሞ ማጥበቁን እንኳ አያውቀውም። ሐኪም የእግራቸውን የደም ምት ሳይዳስስና የእግራቸውን የደም ግፊት ከክንዳቸው ጋር ሳያነጻጽር እንዳትልኪ። ቁስሉ ሲታይ እንዲህ ተመርምረው ነበር?

ጠያቂዋ

አልጠየቅሁም። ዛሬ ማታ፣ እዚያ ሲነጋ፣ ለልጃቸው እደውላለሁ። ለመንገደኛው ምን እንደምሰጥ ገና አልቆረጥሁም፤ አንዱን እሽግ ከፍቼዋለሁና የተከፈተ ካልሲ መልሶ የሚቀበል መደብር የሚያውቅ ይኖር ይሆን?

አንድ አባል፣ ከዳላስ

እኅቴ ከለንደን፣ ስለ እናቴ የጻፉትን እንደገና አነበብሁት፤ አሁንም አልተስማማሁም።