የጋራ ምክረ ሐሳቡ ረቂቅ፦ መግቢያውን ስለ ማስተካከል የተደረገ የአባላት ውይይት

ጸሐፊ፦ ውድ አባላት፣ ለአጋር ማኅበራት የምናቀርበው ረቂቅ ደርሷችኋል። የነባር ሕዝቦችና የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች የመብት ትግል የት ላይ እንደሚገናኝ የሚመረምር የግማሽ ቀን መድረክ አራት ኪሎ አካባቢ ለማዘጋጀት ታስቧል። ፒያሳ የነበረው መሰብሰቢያችን በመፍረሱ የአዳራሽ ኪራይ ወጪ ጨምሯል። ለጊዜው የምጠይቃችሁ፣ በመግቢያው ላይ ያለው «ጭቆና ሁሉ አንድ ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ይቆይ ወይስ ይውጣ የሚለውን ብቻ ነው።

የሕግ ባለሙያዋ አባል፦ ይውጣ እላለሁ፤ አንድ ቢሆን ኖሮ አጋርነት ባላስፈለገም ነበር። በምትኩ የአንዲት አገር ፍርድ ቤቶችን እንከተል። ቦትስዋና ውስጥ ነባሩ የሳን ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ2002 ከማዕከላዊ ካላሃሪ ጥብቅ ሥፍራ እንዲወጣ ሲደረግ፣ በሥፍራው ውስጥ በምትገኘው የሞቶሜሎ መንደር የነበረው የውኃ ጉድጓድ ተዘጋ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 ማፈናቀሉ ሕገ ወጥ መሆኑን በአብላጫ ድምፅ ቢወስንም መንግሥት የውኃ አገልግሎቱን እንዲመልስ አላስገደደም፤ መሬቱን አግኝቶ ውኃውን ማጣት ምን ዓይነት ድል እንደሆነ አንባቢ ራሱ ይፍረድ። ሰዎቹ በራሳቸው ወጪ ውኃ እንዲያወጡ የተፈቀደላቸው በ2011 በይግባኝ ነው። በዚያችው አገር ሕገ መንግሥት መሠረት በ2019 በተመሳሳይ ፆታ ሰዎች መካከል የሚደረግ ግንኙነትን የሚቀጣው ድንጋጌ ተሻረ፤ በ2021 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መሻሩን አጸና። ድንጋጌው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1964፣ አገሪቱ ገና በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ሳለች ነው። እንግዲህ አንደኛውን ወገን «ኋላ ቀር ነህ» ብለው ከቀየው ሲያስነሡት፣ ሌላውን ደግሞ ባዕድ በጻፈው ሕግ «ባህላችን አይደለህም» አሉት። ለእኔ መገናኛው ይኸው ነው፤ ማን የአገሩ ሰው እንደሆነ የሚወስነው ሌላ ሰው ሲሆን።

አንጋፋ አባል፦ ልጄ፣ ነገሩን በጥሩ ሁኔታ አስረድተሻል፤ ሆኖም ሁለት ሥጋት አለኝ። አንደኛው፣ መሬትና ውኃ የተቀማ ሰው የኑሮ ጉዳይ በሌላው ጥያቄ ጥላ ሥር እንዳይወድቅ ነው። ሁለተኛው ስለ እኛው ነው፤ በተመሳሳይ ፆታ ሰዎች መካከል የሚደረግ ግንኙነትን የሚቀጣው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ባለበት አገር ይህን መድረክ የሚያየው ጎረቤታችንም ሆነ ኪራይ ሰጪያችን ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም።

የሕግ ባለሙያዋ አባል፦ በመጀመሪያው ሥጋት እስማማለሁ፤ ስለዚህ የሳን ጉዳይ በፕሮግራሙ ቀድሞ ይቅረብ፣ ሰፊውም ሰዓት ይሰጠው። ስለ ሁለተኛው ግን፣ አንቀጹ የሚናገረው ስለ ድርጊት እንጂ ስለ ውይይት አለመሆኑን እርስዎም ያውቃሉ። የቦትስዋናው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሌጋቢቦ የተባለው የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች መብት ድርጅት እንዳይመዘገብ መከልከሉ የመደራጀት መብትን እንደሚጥስ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2016፣ ቅጣቱ ገና ሳይሻር ነው። ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ይህ ውሳኔ ይመስለኛል።

ገንዘብ ያዥ፦ መከራከሪያው ትክክል ቢሆንም ጎረቤት ፍርድ አያነብም። በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ ስልክ ቁጥር አንጠይቅ፣ ፎቶግራፍ ማንሣትም አይፈቀድ፣ ጥሪውም በአባላት በኩል ብቻ ይላክ። አዳራሹን የሚያከራየን ወገን የውይይቱን ርእስ አስቀድሞ በጽሑፍ ይወቅ፤ በመጨረሻው ሰዓት በር ከሚዘጋብን ከአሁኑ እንቢ ቢለን ይሻላል።

አንጋፋ አባል፦ በዚህ መልኩ ከሆነ ድምፄን እሰጣለሁ። በአንድ ነገር ግን አልስማማም፤ ከሁለቱም ወገን የሚናገር ሰው ሳይገኝ እኛው ስለ እነሱ ብንተርክ አጋርነት አይባልም።

ጸሐፊ፦ ተቀብያለሁ። ዐረፍተ ነገሩ ወጥቷል፤ በቦታው የሞቶሜሎ ጉድጓድ ታሪክ ይገባል። የሳን ማኅበረሰብ ተናጋሪ በኢንተርኔት እንዲሳተፍ የጥሪ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ ከአገር ውስጥ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች የሚናገር ቢኖር ስሙም መልኩም ሳይገለጽ ሐሳቡ በጽሑፍ እንዲነበብ የሚል አንቀጽ ጨምሬያለሁ። ገንዘብ ያዧ የትርጉምና የኢንተርኔት ወጪውን እስከ ዓርብ ያሳውቁኝ።