የሰፈር ታይ ቤት የግድ ርካሽ መሆን አለበት?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) ሰፈራችን ያለችው ትንሽ ታይ ቤት፣ ማለትም የታይላንድ ምግብ ቤት፣ ዋጋ ጨመረች። ፓድ ታይ (የተጠበሰው የሩዝ ኑድል) ከ13 ዶላር 18 ገባ። ሾርባና ስፕሪንግ ሮል የነበረው የ10 ዶላር ምሳም ቀረ። ቤቷ ያው ናት፤ ስምንት ጠረጴዛ፣ ላስቲክ የለበሰ ሜኑ። ከሥራ ደክሞኝ ስወጣ ልጆቼን ይዤ የምገባው እዚያ ነበር። ርካሽ ካልሆነች ምኗን የሰፈር ቤት ሆነች? ተከራከሩኝ።

ኩሽና የሠራሁ፦ እህቴ፣ ብስጭትሽ ይገባኛል። ግን አልስማማም። ታይ ቤት ኩሽና ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ያልበሰለው ፓፓያ ተልጦ እንደ ክር ይከተፋል። የሩዝ ኑድሉ ይዘፈዘፋል። ታማሪንዱ፣ እኛ አገር ሁመር የሚሉት፣ ሞቅ ባለ ውኃ ርሶ በእጅ ይታሻል፣ ከዚያ ይጠለላል። ይሄ ሁሉ ገና ደንበኛ ሳይመጣ ነው። ፓድ ታይ ደግሞ በጅምላ አይጠበስም። መጥበሻው ላይ ካበዛሽበት ኑድሉ እርስ በርሱ ይለጣጠፋል። ስለዚህ አንድ ሁለት ሳህን እያልሽ እስከ ማታ እሳት ላይ መቆም ነው። ጎናችን የነበረው ጣሊያን ቤት ለአንድ ሳህን ፓስታ 24 ዶላር ሲቀበል ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። በእኛም ምግብ እኮ ያው ነው። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ስንት ሰዓት እንደሚቁላላ እናውቃለን፤ ደንበኛው ግን «ለሐበሻ ምግብ ተወደደ» ይላል። ያ ቃል ያመኛል።

ሹፌሩ፦ እኔ ጣሊያኑም ቤት አልገባም። ደሞዜ አልጨመረማ!

ከአሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ)፦ «ታይ ማለት ርካሽ» የሚለው ከሰማይ የወረደ አይደለም። የታይላንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2002 ምግቡን በዓለም የማስፋፋት ዘመቻ ጀመረ። ያኔ ውጭ አገር የነበሩት ታይ ቤቶች 5,500 ያህል ነበሩ፤ በ2018 ከ15,000 በልጠዋል። ሲታቀድ ሦስት ዓይነት ናሙና ቤት ነበር የታሰበው። ርካሹ ለአንድ ሰው ከ5 እስከ 15 ዶላር፣ ውዱ ከ25 እስከ 30። ውድ ታይ ቤትም ከመጀመሪያው የእቅዱ አካል ነበር ማለት ነው። ባንኮክ ውስጥ እንኳ ጄይ ፋይ የሚባሉት እናት በከሰል እሳት የሚሠሩት የክራብ ኦምሌት ከ1,000 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) በላይ ነው። ቤታቸውም የሚሼሊን፣ የታዋቂው የምግብ ቤቶች መመሪያ፣ ኮከብ አግኝቷል።

ጠያቂዋ፦ ጄይ ፋይ ዘንድ ሰው የሚሰለፈው በዓመት አንዴ ነው። እኔ የማወራው ስለ ማክሰኞ ማታ ነው። የኩሽናው ልፋት ግን እውነት ነው፤ እሱን ተቀብያለሁ።

ኩሽና የሠራሁ፦ እንግዲያው እንደ ባለቤቶቹ እዘዢ። ታይዎች ቤተሰብ ሆነው ሲበሉ ለየሰው አንድ አንድ ሳህን አያዝዙም። ሩዙ ለየራስ ነው፤ ሌላው መሃል ይቀመጥና ሁሉም ይቋደሳል፣ ልክ እንደ እኛ ማዕድ። አንድ አረንጓዴ ካሪ፣ አንድ ዶሮ በባሲል፣ አንድ የተጠበሰ አትክልት ለአራት ሰው ይበቃል። የሚበሉትም በማንኪያ ነው፤ ሹካው ምግቡን ወደ ማንኪያው ለመግፋት ነው። ቾፕስቲክ ለኑድል ነው። ልጆችሽ ይወዱታል።

ጠያቂዋ፦ አራት ፓድ ታይ 72 ዶላር ነው። ሦስት ምግብ በ18 ሒሳብ 54፣ ሩዙ ይጨመርበት። እሺ፣ ያስኬዳል። የምሳዋን ነገር ግን አልተውም። ጽዳት የሚሠራው፣ ፓርኪንግ ላይ መኪና የሚያቆመው ልጅ ብቻውን ነው የሚበላው። እሱ ከማን ጋር ይቋደስ? የእራቱን ይጨምሩ፣ የ10 ዶላሯን ምሳ 12 ያድርጓትና ይመልሷት። ሐሙስ ስሄድ ለባለቤቷ ራሴ እነግራታለሁ።

ሹፌሩ፦ 12 ከሆነ እኔም እመጣለሁ። ንገሪልኝ።