«ከዕፅዋት ስለሆነ አይጎዳም» እየተባለ የሚሸጠው እንክብል

ፋርማሲ በር፦ ሰሞኑን በጅማ ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞረው የድምፅ ማስታወቂያ አናዶኛል። ከሽፈራውና ከአረንጓዴ ሻይ የተሠራ እንክብል ነው፤ «ደም ሥር ያጥባል፣ ከዕፅዋት ስለሆነ አይጎዳም፣ የግፊት ኪኒናችሁን መተው ትችላላችሁ» ይላል። አምሎዲፒን የሚባለውን የግፊት ኪኒን የሚወስድ ሰው ኪኒኑን ቢያቆም በሳምንት ገደማ ግፊቱ ወደነበረበት ይመለሳል። ስለማያመውም አያውቅም፣ ስትሮክ እስኪጥለው።

ጥቁር አዝሙድ፦ ኪኒን ተው ማለቱ ጥፋት ነው፣ እስማማለሁ። ከዚያ ተነስታችሁ ዕፅዋቱን ሁሉ አትኮንኑ። ኤል ዲ ኤል የሚባለው መጥፎው ኮሌስትሮል የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ኦክሲዳይዝ ሲሆን (ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ሲበላሽ) ነው ጉዳቱ የሚጀምረው፤ በዕፅዋት ውስጥ ያለው አንቲኦክሲዳንት ደግሞ ይህንኑ ይከላከላል።

ፋርማሲ በር፦ ብልቃጥ ውስጥ ይከላከላል። ሰው ላይም ተሞክሯል እኮ! እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የእንግሊዞቹ ጥናት 20,536 ሰዎችን ይዞ ነበር። ግማሾቹ ለ5 ዓመት በየቀኑ አንቲኦክሲዳንት የሆኑትን ቫይታሚን ኢ 600 ሚ.ግ፣ ሲ 250 ሚ.ግ፣ ቤታ ካሮቲን 20 ሚ.ግ ወሰዱ፤ መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ከወሰዱት ምንም አልተሻሉም። በዚያው ጥናት ሲምቫስታቲን የሚባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት 40 ሚ.ግ የልብና የስትሮክ አደጋን ሩብ ያህል ቀነሰ።

ጥቁር አዝሙድ፦ እነዚያ ፋብሪካ የሠራቸው ቫይታሚኖች ናቸው። እኔ የማወራው ስለ ዕፅዋት ፖሊፊኖል (በተፈጥሮ ዕፅዋት ውስጥ ስላለው አንቲኦክሲዳንት) ነው። የ2022ቱን የካካዎ ጥናት ለምን ትዘለዋለህ? 21,442 ሰው፣ በቀን 500 ሚ.ግ ፍላቫኖል የሚባለው የካካዎ ፖሊፊኖል፣ በልብና ደም ሥር በሽታ የሚመጣው ሞት በ27 በመቶ ቀነሰ። 27 በመቶ!

ዋርካ፦ ይህን 27 ሁሉም ይዞት ይሮጣል። ጥናቱ ሲጀመር የተነሳው ዋና ጥያቄ የልብና የደም ሥር አደጋዎች በጠቅላላ ይቀንሳሉ ወይ የሚል ነበር። የተገኘው ልዩነት 10 በመቶ ነው፤ በአጋጣሚም ሊመጣ ይችላል። ዋናው ጥያቄ ሳይመለስ ከጎን የተገኘውን ቁጥር ማውለብለብ ተገቢ አይደለም።

ጥቁር አዝሙድ፦ ሞት «የጎን ቁጥር» ሆነ? 27 በመቶው በኩባንያ መድኃኒት ላይ ቢገኝ ኖሮ ሁላችሁም ታጨበጭቡ ነበር።

ዋርካ፦ ለመድኃኒትም ቢሆን ሁለተኛ ጥናት እንጠይቃለን። ደግሞ 27 በመቶው የካካዎ ነው፤ ለሽፈራው ማን አወረሰው?

እህት ነርስ፦ ወንድሞቼ፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪንን ማንም አላነሳም። በሩማቲክ የልብ በሽታ የልብ ቫልቫቸው (የደም መዝጊያው በር) በብረት የተቀየረና ዋርፋሪን የሚወስዱ ወጣቶች ይህን ማስታወቂያ ይሰማሉ። የደረቀ አረንጓዴ ቅጠል ዱቄት ቫይታሚን ኬ አለበት፤ ዋርፋሪኑን ያዳክመዋል፣ ብረቱ ቫልቭ ላይ ደም ይረጋል። የነጭ ሽንኩርትና የጊንኮ እንክብል በተቃራኒው ሊያደማ ይችላል። ጎመን የሚበላ በየሳምንቱ መጠኑን ሳይቀያይር ይብላ። እንክብል የጀመረ ካለ ዋርፋሪኑን በራሱ አያቁም፤ ዕሽጉን ይዞ ወደ ሐኪም ይሂድ፣ አይ ኤን አሩን (ደሙ ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚያሳየውን ምርመራ) ቀጠሮ ሳይጠብቅ ይለካ። ድድ መድማት፣ ጥቁር ሰገራ ወይም ቀይ ሽንት ካየ በዚያው ቀን ይሂድ።

የሂርማታው፦ አንቲኦክሲዳንት ከተፈለገ ቡናችን አለ። ክሎሮጀኒክ አሲድ ሞልቶታል። የጅማ ሰው ተቀምጦ ለእንክብል ገንዘብ ሲያወጣ ይገርመኛል።

ዋርካ፦ ቡናውን እወደዋለሁ፤ ግን በወረቀት ያልተጣራ ቡና ካፌስቶል የሚባል ዘይት አለው፣ ኤል ዲ ኤልን ከፍ ያደርጋል። በሰሜን ኖርዌይ አፍልተው የሚጠጡት ላይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ታይቷል።

የሂርማታው፦ ኖርዌይን ከጀበና ጋር ምን አገናኘው? እነሱ በትልቅ ኩባያ ነው የሚጠጡት፣ እኛ በሲኒ። ጀበናችን ደግሞ ከእሳት ወርዶ አተላው እስኪዘቅጥ ይቀመጣል።

ዋርካ፦ የሚዘቅጠው አተላው ነው፤ ዘይቱ አብሮ ይቀዳል። ሲኒዋ ትንሽ መሆኗ ይረዳል፣ እሱ እውነት ነው። ከአቦል እስከ በረካ ስንት ሲኒ ነው፣ በቀንስ ስንቴ ይፈላል?

እህት ነርስ፦ ከዘይቱ በፊት ጨዉን አንሱት። ቡና በጨው የሚጠጣ የግፊት ታማሚ አለ። ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ነው የሚመከረው፤ ወጡ ብቻውን ያን ይሞላዋል።

የሂርማታው፦ ጨው ሌላ፣ ቡና ሌላ! ስለ እንክብል ጀምራችሁ ቡናችን ላይ ወጣችሁ።

ፋርማሲ በር፦ ወደ እንክብሉ እንመለስ። ዕሽጉ ያላችሁ ሚሊግራሙን አንብቡልን።

ጥቁር አዝሙድ፦ «ንጹህ ቅጠል» ነው የሚለው፤ ሚሊግራም የለውም። ጎመን ላይስ ይጻፋል እንዴ?

ፋርማሲ በር፦ ጎመን ተጨምቆ አይታሸግም። የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ ውስጥ ያለው ኢ ጂ ሲ ጂ የሚባል ፖሊፊኖል በእንክብል መልክ በቀን 800 ሚ.ግ ሲደርስ የጉበት ኢንዛይም ከፍ እንደሚል (የጉበት መጎዳት ምልክት ነው) የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ገልጿል። መጠኑ ካልተጻፈ ሰው ስንት እንደዋጠ በምን ያውቃል?

ጥቁር አዝሙድ፦ 800 ያልደረሰውስ? እሱን መልስልኝና እንቀጥላለን። የካካዎውንም አልተውኩትም።